ልምድ የላትም

ወደ ሪያድ ከመምጣቴ በፊት ኤጀንሲው የሞላልኝን ፎርም እስካሁን አልረሳውም። ከላይ ጥግ ላይ ፎቶዬ አለ፤ ከሥሩ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ኪሎ፣ ሃይማኖት ተደርድሯል። ቀጥሎ «የሥራ ልምድ» የሚል መስመር ይመጣል። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «የላትም» ብላ ሞላችው። እኔም ዝም አልኩ። ያኔ 22 ዓመቴ ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ውኃ ቀድቻለሁ፣ እንጀራ ጋግሬያለሁ፣ ታናናሾቼን አዝዬ አሳድጌያለሁ፣ አያቴን ነፍሷ እስክትወጣ አስታምሜያለሁ። ያ ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ ሲደርስ ምንም ሆነ። እናንተም ከዚህ የራቃችሁ አይመስለኝም፤ ብዙዎቻችን አውሮፕላን የተሳፈርነው በዚያች ቃል ነው።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ስለ ጂጂ፣ ስለ እጅጋየሁ ሽባባው ነው። ፈረንጆቹ «የመጀመሪያ አልበሟ» ስለሚሉት ሥራና ከዚያ በፊት ስለመጣችበት መንገድ። ስለ ታናሽ እህቴም ነው። ፎርሙን ለምን እንዳነሳሁት እየቆየ ይገባችኋል።

ጅዳና ደማም ላላችሁ እህቶቼ፣ መላዝ ከሪያድ የቆዩ ሰፈሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ተብሎ የተሠራ፣ ያኔ «አዲሱ ሪያድ» ይባል የነበረ ሰፈር ነው አሉ። አሁን አርጅቷል። ከስታዲየሙ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ዓርብ ዓርብ የምንሰበሰብባት ክፍል አለች። እዚያ የሚያድሩት ሦስት ናቸው፤ እኛ ኮንትራት ቤት ያለነው ፈቃድ ባገኘን ዓርብ ብቻ እንሄዳለን። ቡና ይፈላል፣ ፀጉር ይሠራል፣ ሃዋላ ስንት ገባ ይባላል፣ የሚለቀስም ካለ አብሮ ይለቀሳል።

የቤቱ ታላቅ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ፊት ለፊት ሻይ ቤት ይሠሩ ነበር። ዘፈን ሲሉ እንደ እኛ ስልክ ላይ የመጣላቸውን አይሰሙም፤ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነው የሚያስኬዱት። አንድ ዓርብ ቡናው እየተቆላ የጂጂን አልበም ከፈቱ። እኔ ጂጂን የማውቃት እንደ ማንኛችሁም በ«ዓድዋ» ነበር። የካቲት 23 በደረሰ ቁጥር ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም እሱን ነው የሚያሰማው። ከየትኛው አልበም እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። እትዬ ሳቁብኝና «ያው ከዚሁ ነው እኮ!» አሉኝ።

ርዕሱ በስሟ ነው፤ «ጂጂ»። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የዘፈኖቹን ርዕስ ብቻ ብነግራችሁ ለማን የተሠራ እንደሆነ ትጠረጥራላችሁ፤ «መንገደኛ»፣ «ናፈቀኝ»፣ «ዓባይ»፣ «ባለዋሽንቱ»፣ «ካህን»፣ «ጉራማይሌ»። በመላዝ ፎቅ ላይ ተቀምጣችሁ «መንገደኛ» የሚል ርዕስ ስትሰሙ ሆዳችሁ የማይባባ እንዴት ይሆናል? «ጉራማይሌ»ማ የእኛው አፍ ነው። «ያላ፣ ቡናው ኻላስ ደርሷል» የምንል ሰዎች ጉራማይሌ ካልሆንን ማን ይሁን?

ከድምፅዋ ጋር የመጣው ሙዚቃ ግን መጀመሪያ ግር አለኝ። ከሥር ከባድ ቤዝ አለ፣ ሳክስፎን አለ፣ ከበሮው የእኛም ነው፣ የእኛም አይደለም። እትዬ እንደነገሩኝ አልበሙ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሻይ ቤታቸው ውስጥ ክርክር ነበር። ግማሹ «ይሄ የፈረንጅ ነው፣ አበላሸችው» ይላል፤ ግማሹ «ዝም ብለህ ድምፅዋን ስማ» ይላል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ድምፅዋ የማውቀው ነው። የቄስ ዜማ አለበት፣ የጎጃም ሠርግ አለበት። ማንም አጠገቡ ቆሞ ሳክስፎን ቢነፋ ያ ድምፅ ከመንገዱ አይወጣም።

የማውቀው የመሰለኝ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት። እኔ የዳንግላ ነኝ። ከእኛ ተነስተሽ እንጅባራ ደርሰሽ ወደ ምዕራብ ስትታጠፊ ቻግኒ ትገቢያለሽ። ከብዙ ልጆች መካከል ያደገች ናት። ቤታቸው ከሚመላለሱ አንድ ካህን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ቀሰመች ይባላል። ሴት ልጅ ቅኔ ማኅሌት ገብታ እንደማታዜም ታውቃላችሁ፤ እሷ ግን እቤቷ ሆና ጆሮዋን አልከለከሏትም። ዘፋኝ ልሁን ስትል ግን ከቤት ተቃውሞ ገጠማት። አባቷ አልወደዱትም። በእኛ አገር ዘፋኝ ማለት «አዝማሪ» ነው፤ ቃሉ ከአንዳንድ አባቶች አፍ ሲወጣ እንደ ስድብ ነው የሚወጣው። እሷ ግን ወጣች፤ መጀመሪያ ናይሮቢ። ተመልሳ አዲስ አበባ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ከ2001 በፊት ጂጂ ሥራ አልነበራትም? ነበራት። በ1997 «ፀሐይ»፣ በ1998 «ዋን ኢትዮጵያ» የሚሉ አልበሞች ነበሯት። የሰማቸው የእኛው ሰው ነው። ከዚያ ክሪስ ብላክዌል የሚባል ሰው ድምፅዋን ሰማ። ይህ ሰው ቦብ ማርሌን ከጃማይካ አውጥቶ ለዓለም ያሰማ፣ በኋላም ፓልም ፒክቸርስ የሚባል ድርጅት ያቋቋመ ነው። ቢል ላስዌል የሚባል የቤዝ ተጫዋችና ፕሮዲዩሰር አልበሙን ሠራ። ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮህ ሳንደርስ አጅበዋታል። ስማቸው ለእናንተ ምንም ካልነገራችሁ እንደኔ ናችሁ። ሃንኮክና ሾርተር ከማይልስ ዴቪስ ጋር፣ ሳንደርስ ከጆን ኮልትሬን ጋር የተጫወቱ፣ በጃዝ ዓለም የአንጋፋ አንጋፋ ሰዎች ናቸው። የ27 ዓመት ገደማ የቻግኒ ልጅ በአማርኛ እያዜመች እነሱ ከኋላዋ ሆኑ። በግጥምና ዜማውም በኩል አብዛኛው የራሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓለም «የመጀመሪያ አልበሟ» አለ። ካሴቶቹም፣ ናይሮቢም፣ የካህኑ ዜማም ከቁጥር አልገቡም። ከዜሮ ተቆጠረላት። ይህን ስሰማ የኤጀንሲዋ ጸሐፊ እስክሪብቶ ትዝ አለኝ። «ልምድ፦ የላትም»።

ለእትዬ እንዲህ አልኳቸው፤ «እኛም እኮ እንደዚሁ ነን።» እሳቸው ሲኒውን እያቀረቡ፣ «እሷ ግን ዜሮ ሲሏት ዜሮ ነኝ ብላ አልገባችም። ያላትን ይዛ ነው የገባችው» አሉኝ። ይቺን ነገር ያዝኳት። እኔ ፎርሙ ሲሞላ ዝም ማለቴ ብቻ አይደለም፤ አምኜውም ነበር። እዚህ መጥቼ የመጀመሪያውን ዓመት ልብስ መተኮስ እንኳ የማላውቅ ሰው መስዬ ኖሬያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በምሠራበት ቤት የማዳሜ እናት አሉ፤ «ማማ ከቢር» ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል። አንድ ሌሊት እግራቸውን እያሸሁ፣ አያቴን ሳስታምም እንደማደርገው፣ ሳላስበው ማንጎራጎር ጀመርኩ። ድምፄን ስሰማ ደንግጬ አቆምኩ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ከምሊ» አሉኝ፤ ቀጥይ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት የአያቴን ዜማ ለሪያድ አሮጊት አዜማለሁ። ቃሉ አይገባቸውም፤ ይተኛሉ ግን። ይሄ የሥራ ልምድ ካልሆነ ምን እንደሆነ እንጃ።

እንግዲህ በጂጂ ጉዳይ ማን ወገን እንደሆንኩ ግልጽ ነው። የወጣችው ልጅ ወገን። አባቷን ሳስብ እንኳ በልቤ እከራከራቸው ነበር። የእኔም አባት ነፍሱን ይማረውና፣ ሠርግ ቤት ድምፄ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ የተሰማ ዕለት «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብሎ ሁለተኛ እንዳልዘፍን አድርጎኛል። እና እኔ የጂጂ ወገን ነኝ እያልኩ እኖራለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ታናሽ እህቴ በኢሞ ደወለችልኝ። ባሕር ዳር ፀጉር ቤት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። «እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ግን እንዳትቆጪ» አለችኝ። ገንዘብ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ «እንዳትቆጪ» ሲባል ስንት ነው ብላችሁ ነው የምትጠብቁት። 70 ሺህ ብር ነው። የአንድ ወር ከግማሽ ደመወዜ ያህል ማለት ነው። ዘፈን ልትቀዳ ነው። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው፤ ለቅንብር፣ ለስቱዲዮ ቀረጻና ለሚክሲንግ የሚከፈል ነው።

ያ ብር የት እንዳለ ታውቃለች። ዳንግላ ለእማዬ ቤት የጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ ያጠራቀምኩት ነው። አሮጌው ቆርቆሮ ዝገት በልቶት በክረምት አልጋ እየተጎተተ ነው የሚታደረው።

ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ፤ ሳላሳምረው። «አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ? እኔ እዚህ የሰው ሽንት ቤት እያጠብኩ አንቺ ዘፋኝ ልትሆኚ ነው? እስኪ እስካሁን ምን ሠርተሻል? ማን ያውቅሻል?» አልኳት። እሷ ዝም አለች። ከዚያ «እሺ እታለም፣ ይቅር በቃ» ብላ ዘጋችው። አልጮኸችም፣ አልተከራከረችም። ብትከራከር ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት ሥራዬን ስሠራ ዋልኩ። ማታ ሳህን እያጠብኩ ያልኩት ነገር ተመልሶ መጣብኝ። «እስካሁን ምን ሠርተሻል?» ይህን የጠየቅኩት ልጅ ማን ናት? ስድስት ዓመቷ ላይ የእንስራ ውኃ ተሸክመን ስንመጣ መንገዱ እንዲያልቅ የምታዜምልን እሷ ናት። ሰፈር ውስጥ ሙሽራ ሲሸኝ እሷ ካልመጣች አይጀመርም። አባዬ ሲሞት አልቅሳ ያስለቀሰች፣ የሰውየውን ነገር በዜማ አንድ በአንድ ያነሳች እሷ ናት። ይሄን ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ። አውቄም «የሥራ ልምድ፦ የላትም» ብዬ ሞላሁላት። እስክሪብቶው እኔ እጅ ላይ ነበር። ቃሉ የአባዬ፣ ወረቀቱ የኤጀንሲው፣ እጁ የእኔ።

እዚህ ላይ ራሴን ብቻ አልወቅስም። ያልኩት ነገር ውስጥ እውነትም አለ። ቆርቆሮ ቆርቆሮ ነው። ለአንድ የምትታወቅ ዘፋኝ ቀድተው የቀሩ ስንት አሉ? ጂጂን የምንጠራት ስለተሳካላት ነው። ደግሞ የእኛ ብር ሳይለፋበት የመጣ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሪያል ከወገባችን ነው የሚወጣው። «እምቢ» ማለት መብታችን ነው። እኔን ያሳፈረኝ እምቢ ማለቴ አልነበረም። ሳልሰማት እምቢ ማለቴ ነው። ዘፈን ልቅዳ ያለችኝን ልጅ፣ «እስኪ አዚሚልኝ» ሳልላት።

በቀጣዩ ዓርብ ከመላዟ ክፍል ሆኜ ደወልኩላት። «ያን ነገር አዚሚልኝ» አልኳት። «ተይው እታለም» አለች። «አዚሚ አልኩሽ እኮ!» አልኳት፤ ልመናም ቁጣም ነበር። እትዬ ሰዉን ሁሉ ዝም አሰኙ። ፀጉር የምትሠራዋም እጇን አቆመች።

አዜመች። ሙዚቃ የለ፣ ምን የለ፤ ከኋላ የፀጉር ማድረቂያ ማሽን ይጮሃል። ግጥሙን እዚህ አልጽፍላችሁም፣ የእሷ ነው። ነገሩ ግን ይሄ ነው፤ ማታ መሶብ ሲቀርብ እማዬ አንዲት ቁራሽ እንጀራ በእኔ በኩል ታስቀራለች። ማንም እንዲነካት አትፈቅድም። ሲነጋ ለዶሮ ትሰጣታለች፣ ማታ እንደገና ታስቀራለች። እህቴ ያንን ቁራሽ ነው ያዜመችው።

እማዬ ይህን በስልክ ነግራኝ አታውቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ «ደህና ነን፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ» ነው የምትለኝ። እኔ ከቤቴ መሶብ ላይ ቦታ እንዳለኝ የሰማሁት ከእህቴ ዘፈን ነው። ክፍሏ ውስጥ ያለነው ሁሉ አለቀስን። እትዬ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቆዩና፣ «ይሄ መቀዳት አለበት» አሉ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ተረት እንዳይመስላችሁ በቁጥር። 70 ሺሁን አልሰጠኋትም። 35 ሺህ ላክሁ። ቀሪውን ሠርግ ላይ እያዜመች፣ ከፀጉር ቤቱም እያጠራቀመች እንድትሞላ ተስማማን። ሁለት ነገር አስጠነቀቅኳት። አንደኛ፣ ፀጉር ቤቱን እንዳትለቂ። ሁለተኛ፣ ሳይጻፍ ምንም እንዳትሰጪ። ይሄ ሁለተኛው እናንተንም ስለሚጠቅም ላስረዳ። ብዙ ልጆች ግጥምና ዜማቸውን በቃል ሰጥተው፣ ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ስማቸውን ያጡታል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለ። ግጥም የጻፈ፣ ዜማ የደረሰ፣ ያዜመ ሰው መብት አለው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤትም አለ። ከአቀናባሪውም ከስቱዲዮውም ጋር ወረቀት ተፈራረሚ፣ ግጥምና ዜማ የአንቺ መሆኑ ይጻፍ አልኳት። ፎርም ሲሞላ ዝም ማለት ምን እንደሚያስከፍል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ለእማዬ ራሴ ደውዬ ነገርኳት። ከእህቴ እንድትሰማ አልፈለግኩም። የቆርቆሮው ብር ግማሹ ለምን እንደሄደ ነገርኳት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ። «አለሁ» አለች። «ዝናቡ እንደሆነ እስከ ሰኔ አይመጣም።» ሌላ ምንም አላለችም። መፍቀዷ ይሁን መቆጣቷ እስካሁን አላወቅኩም። ስለ ቁራሽ እንጀራዋም አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃት ማስቀረቷን የምትተው መሰለኝ።

ጂጂ ከ2001 በኋላም አልቆመችም። በ2003 «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል ስም ወደ ባህሉ ጠጋ ያለ አልበም ይዛ መጣች፤ በ2006 ደግሞ የእኛን ሰምና ወርቅ በርዕሱ የያዘ ሌላ አልበም ሠራች። በሰፊው የሰማናትን ያህል በዝምታዋም ቆይታለች። እኔ ግን የምመለሰው ወደዚያው «የመጀመሪያ» ወደተባለው ነው። ከጀርባው ያለውን ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ሆኖብኛል። «ካህን»ን ስሰማ ቻግኒ እቤት ውስጥ ጆሮዋን የሰጠች ሕፃን አስባለሁ። «መንገደኛ»ን ስሰማ ናይሮቢ የደረሰች፣ ማንም የማያውቃት ልጅ አስባለሁ።

እህቶቼ፣ ሁላችንም ከአገር ቤት ስልክ ይደወልልናል። ሁሉም ብር ይፈልጋል፤ ለሁሉም አይደረስም። እኔ ስጡ አልላችሁም፤ የኪሳችሁን እናንተ ታውቃላችሁ። አንዷ ደውላ ልስፋ፣ ልሣል፣ ልጻፍ፣ ልዝፈን ካለቻችሁ ግን ከ«ስንት ነው?» በፊት «እስኪ አሳዪኝ» በሏት። ምናልባት እናንተም ሳታውቁት የቀረ የቤታችሁን ወሬ ትሰሙ ይሆናል።

እህቴ ቀረጻው ለየካቲት ነው ብላኛለች። ስቱዲዮው ቀን እየቀያየረ ስለሆነ እርግጠኛ አይደለችም። ሲወጣ ዓርብ መላዝ ላይ እናደምጠዋለን፤ ፈቃድ ያገኛችሁ ኑ። ቡናውን እትዬ ያፈላሉ።